የልጅ አደራ

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። በዚያው ሰሞን የጣና ውኃ መሙላት ይጀምራል፤ ዝናቡ የባሕር ዳርን የዘንባባ ጎዳናዎች ያጥባል፤ ሕፃናትም ከትምህርት ተለቀው በቤት ይሰበሰባሉ። አባት ከመሥሪያ ቤቱ፣ እናትም ከሥራዋ አይቀሩምና ‹‹እስከ መስከረም ልጆቹን ማን ይይዝልናል?›› የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከገጠር የመጣች፣ ወይም ራሷ ከትምህርት ያረፈች አንዲት ልጃገረድ ትፈለግና ለክረምቱ ትቀጠራለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ውሎች ሁሉ የዚህን ያህል ከባድ የለም፤ በሌላው ውል ገንዘባችንን እንሰጣለን፣ በዚህ ግን ልጃችንን እንሰጣለንና።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ እስኪ ‹‹ሞግዚት›› የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ይህ ቃል ቤተ መንግሥትም ማድ ቤትም ይገባል። በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ባሳወጁ ጊዜ፣ ወጣቱ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነውለት ነበር። ዛሬም የሕፃኑን አፍንጫ ጠርጋ፣ ገንፎውን አብልታ፣ እሽሩሩ ብላ የምታስተኛውን ልጃገረድ በዚያው ስም እንጠራታለን። የመንግሥት አልጋ የሚጠብቀው መስፍንና የሕፃን አልጋ የምትጠብቀው ልጃገረድ በአንድ ስም መጠራታቸው የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ሁለቱም የራሳቸው ያልሆነውን ይዘው፣ በጊዜው ሳይጎድል ለመመለስ ቃል የገቡ ናቸውና። አገራችን ይህን ነገር አደራ ይለዋል። ‹‹ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ›› ሲባልም ሰምታችኋል።

በጣና ዙሪያ የሚነገረው ታሪክ ከዚህ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ጣና ቂርቆስ የሚባል ገዳም አለ። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ በተሰደደች ጊዜ ወደዚህ ስፍራ መጥታ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ተቀምጣለች የሚል ትውፊት ካህናቱ ከጥንት ጀምረው ሲቀባበሉት ኖረዋል። የስደቱንም ነገር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ሥለውታል። በሥዕሉ ላይ እናቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ ትታያለች፤ አረጋዊው ዮሴፍም አለ። ከእነርሱ ጋር ግን አንዲት ሌላ ሴት በእግሯ ትጓዛለች፤ እርሷም ሰሎሜ ናት። ስንቁን ትሸከማለች፤ እናቲቱ ስትደክም ታግዛለች። ብዙ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ሰሎሜን አያያትም። ሠዓሊዎቹ ግን አልረሷትም። ያ ሁሉ መንገድ ያለ እርሷ እንደማይዘለቅ ዐውቀው ኖሯል፣ ከቅዱሳኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ቦታ ሰጥተዋታል።

ከትውፊት ወደ ታሪክ ስንመጣ እቴጌ ምንትዋብን እናገኛለን። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ የ7 ዓመት ያህል ልጅ ነበር። እቴጌይቱም ዘውድ ጭነው የልጃቸውም የመንግሥቱም ሞግዚት ሆኑ። በጎንደር አጠገብ ቁስቋምን፣ በጣና ውስጥ በደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። ናርጋ ሥላሴን የሚጎበኝ ሰው ንግሥቲቱ ራሳቸው፣ ልጇን በታቀፈችው እናት እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበትን ሥዕል ያገኛል። ያን ሁሉ አገር የሚያዝዙ ሴት በሥዕል መታየት የወደዱት እንደዚያ ሆነው ነው።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ እቴጌይቱ አሮጊት ነበሩ። በዚያን ጊዜ በቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ ዘመዱን ልጆች አስጨንቆ ነበር። ብሩስ ሕክምና ያውቃል ስለ ተባለ ልጆቹን ሰጡት፤ እርሱም በሩንና መስኮቱን አስከፍቶ አየር እንዲገባ፣ ክፍሉም እንዲታጠንና እንዲታጠብ ማድረጉን በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ልጅን ለማያውቁት ሰው መስጠት ለንግሥትም ጭንቅ መሆኑን ከዚህ እናያለን። ሆኖም የእቴጌይቱ ሞግዚትነት ያለ ነቀፋ አልቀረም። ልጃቸው አድጎ ለአቅመ ንግሥና ከደረሰ በኋላ እንኳ ሥልጣኑ ከእናትየው እጅና ከዘመዶቻቸው እጅ አልወጣም ይባላል። ሞግዚት ልጁን በመጣል ብቻ ሳይሆን አጥብቆ በመያዝም አደራውን ሊያበላሽ ይችላል።

ከጣና ምዕራብ ከቋራ የተነሡት የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ደግሞ የሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጠናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙ ሳይቆዩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የ7 ዓመቱ ሕፃን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያም አማርኛ የሚያውቀው ካፕቴን ስፒዲ ሞግዚቱ ሆነ፤ ልጁም ተላመደውና ከእርሱ መለየት የማይወድ ሆነ። ወጪውን የሚከፍለው የመንግሥት ግምጃ ቤት ግን ትምህርቱን አስቦ ከሰውየው ለየውና ለሌላ አስተማሪ ሰጠው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ይህን መለየት አልወደዱትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጁ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተና በዊንድሶር ተቀበረ። የሚበላውና የሚለብሰው አልጎደለበትም። የጎደለበት፣ ሲነቃ የሚያውቀውን ፊት ማግኘት ነበር። ልጅ የለመደውን ሰው በቀላሉ የሚለውጡ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነው።

እስካሁን ያልሁት ስለ ነገሥታት ልጆች ነው። የገበሬው ልጅስ በማን እጅ አደገ? በአያቱ፣ በአክስቱ፣ ይልቁንም በታላቅ እኅቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ አደገ። እኅቲቱ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ወላጅ ለሌለውም ልጅ አገሩ ሥርዓት ነበረው፤ ማር በተቀባ አውራ ጣት የጡት ልጅ ይደረግና ያን ጊዜ እንደ ሥጋ ዘመድ ይቆጠራል። በትልልቆቹ ቤቶች ግን ልንደብቀው የማይገባ ሌላ ታሪክ አለ። በባርነት የተያዙ ሴቶች የጌቶቻቸውን ልጆች አዝለው አሳድገዋል፤ የራሳቸውን ልጆች ግን ማሳደግ ያልተፈቀደላቸው ብዙዎች ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ባሮች ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ጨርሶ ተሻረ። ይሁን እንጂ ሕግ በአንድ ቀን ሲታወጅ ልማድ በአንድ ቀን አይሞትም። የቤት ሠራተኛን በስሟ ሳይጠሩ ‹‹አንቺ!›› ብሎ መጥራት፣ ቤተሰቡ በልቶ ሲጨርስ ከተረፈው ማብላት፣ በማድ ቤት መሬት ላይ ማስተኛት ከዚያ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው።

ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረች ትንሽ መንደር ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ ጥቂት ቆይቶም ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ መሥሪያ ቤቶች በዙ። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ አንድ አዲስ ነገር ተጀመረ። እናቶች እንደ አባቶች በሰዓት ገብተው በሰዓት የሚወጡ ደመወዝተኞች ሆኑ። አያት በገጠር ቀርታለች፤ ታላቅ እኅትም ትምህርት ቤት ገብታለች። ስለዚህ በዘመድ እጅ የነበረው ሥራ በቅጥር የሚሠራ ሆነ። ይህ መሆኑ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ሥራው ከዘመድ ወደ ተቀጣሪ ሲዛወር አደራው በመንገድ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የሌላውን ታሪክ ጽፎ የራሱን መደበቅ ለመምህር አይገባምና።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት በባሕር ዳር ወጣት መምህር ነበርሁ። ባለቤቴ ነርስ ነበረች፤ እኔም የክረምት ትምህርት ጀምሬ ነበር። የ4 ዓመት ወንድና የ1 ዓመት ተኩል ሴት ልጅ ነበሩን። ከዘጌ በኩል በታንኳ ማገዶ ጭነው ቅዳሜ ገበያ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ባለቤቴም ደንበኛቸው ነበረች። እኚህ ሴት 6ኛ ክፍልን የጨረሰች የ13 ዓመት ልጅ እንዳለቻቸው፣ ልጅቱም ለ7ኛ ክፍል የደንብ ልብስና ደብተር መግዣ እንደምትፈልግ ነገሩን። በወር 15 ብር ተስማማን። እናቲቱ ልጃቸውን ይዘው መጥተው እጇን በእጄ አስያዙና ‹‹መምህር፣ አደራዎን›› አሉኝ። እኔም ‹‹አይዞዎት እናቴ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት›› አልኋቸው። ይህን ቃል ሁላችንም እንለዋለን፤ ለመናገር ቀላል ነውና።

ልጅቱ ትጉህ ነበረች። ልጆቼ በሳምንት ውስጥ ለመዷት። እኛ ግን በሞግዚትነት ቀጥረን እንጀራ ጋጋሪ፣ ውኃ ቀጂ፣ ልብስ አጣቢ አደረግናት። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ልጆች ተኝተው ሳለ ‹‹ጤፉን ወፍጮ ቤት ወስደሽ አስፈጭተሽ ነይ›› አልኋት።

‹‹ጋሼ፣ አቡሽ ከነቃ በሩን ከፍቶ ይወጣል›› አለችኝ።

‹‹እኔ አለሁ አላልሁሽም?›› አልኋት። ‹‹እሺ ጋሼ›› ብላ ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ ለፈተና የሚያስፈልገኝ ማስታወሻ ከጎረቤት መምህር ዘንድ እንዳለ ትዝ አለኝ። አሁን እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ጨዋታ ያዘኝ። ስመለስ በሩ ተከፍቷል፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ወንዱ የለም። ቤታችን ከሐይቁ ሩቅ አልነበረም፤ ጣናም በነሐሴ ከዳርቻው ወጥቶ ነበር። እየጮኽሁ ስሮጥ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ልጄን ታቅፎ ሲመጣ አገኘሁት። በደንገሉ መካከል፣ ውኃው እስከ ደረቱ ደርሶ፣ ቆሞ ሲያለቅስ አግኝቶት ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ‹‹ሠራተኛዋ የት ነበረች?›› ብላ ጠየቀች። ‹‹ወፍጮ ቤት›› አልሁ። ‹‹ልጆቹን ጥላ?›› አለች። ያን ጊዜ ዝም አልሁ። ልጅቱ ዝናብ አርሷት፣ ዱቄቱን ተሸክማ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንድናገር የጠበቀች ይመስለኛል። እኔ ዐይኔን መለስሁ። እርሷም አንገቷን ደፍታ ዱቄቱን አስቀመጠች። በማግሥቱ የሐምሌውን 15 ብር ሰጥተን፣ የነሐሴውን ስለ ጥፋቷ ብለን አስቀርተን አሰናበትናት። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ማን ያምናታል? የመምህር ቃልና የሠራተኛ ቃል በአንድ ሚዛን አይቀመጡም ነበር።

በመስከረም አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ልጄ ከምንም ተነሥቶ ‹‹አባዬ ጥሎን ሄዶ እኮ ነው ያን ቀን የወጣሁት›› አለ። ባለቤቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና አየችኝ። ሁሉን ነገርኋት። ያስቀረነውን ገንዘብና የደንብ ልብስ ይዘን በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። እናቲቱ በቡናው ጥላ ሥር ተቀብለውን፣ ውኃ አጠጥተውን፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ።

‹‹መምህር፣ እኔ ልጄን አደራ ብዬ ሰጠሁዎ። እርስዎም ልጅዎን አደራ ብለው ለልጄ ሰጧት። እስኪ ይፍረዱ፣ አደራ የበላው ማነው? ልጄን የመምህሩን ልጅ ለባሕር የሰጠች ብለው ስም አወጡላት። ለምዝገባ የሚሆን ገንዘብ ስላጣች ትምህርቱ አልፏታል። ገንዘቡን እቀበላለሁ፣ የላቧ ነው። ስሟን ግን እርስዎ ነዎት የወሰዱት፤ በመንደሩ ፊት ይመልሱላት።››

በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ቀን የለም፤ እንደዚያ ቀንም ቀሎኝ ያደርሁበት ሌሊት የለም። ልጅቱ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። ስንነሣ ወደ ባለቤቴ ቀረብ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ‹‹አቡሽ ደኅና ነው?›› አለች። እኛ አደራዋን በልተን ሳለ እርሷ ገና በአደራዋ ላይ ነበረች። በተከታዩ ዓመት 7ኛ ክፍል ገባች፤ የጠፋውን ዓመት ግን ማንም አልመለሰላትም።

ልጆቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንዳንዶቻችሁ ነገ ቀጣሪዎች፣ አንዳንዶቻችሁም በመጪው ክረምት ተቀጣሪዎች ትሆናላችሁ ብዬ ነው። ስለዚህ ከዚያ ክረምት የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዕድሜዋን ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ይህ አዋጅ በየቤቱ የሚቀጠሩትን በዝርዝር አያቅፍም፤ ይሁን እንጂ ሕጉ ለፋብሪካ ልጅ ናት ያላት ለማድ ቤትም ልጅ ናት። የ13 ዓመት ልጅ ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ናት፤ እኔ ያንን አላሰብሁም።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቧን ዕወቁ፤ የእናንተንም ቤት ቤተሰቧ ይወቀው። ዋስ የሚጠየቀው ከሠራተኛዪቱ ብቻ ነው፤ ለእርሷስ ማን ዋስ ይጠራላታል? ደመወዙን፣ የሥራውን ሰዓትና የዕረፍቱን ቀን በወረቀት ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለእርሷ ስጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር የሚኖረውን ሠራተኛ በመኝታ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓት ረገድ ጤንነቱንና ክብሩን የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ሦስተኛ፣ ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ሕፃን ብቻ ይጠብቅ። እሳት፣ ወፍጮና ገበያ የጨመራችሁባት እንደ ሆነ ዐይኗን ከልጁ ላይ ያነሣችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ከመሄዳችሁም በፊት ሁለት ሦስት ቀን አብራችኋት ዋሉ፤ ልጁ ምን እንደሚፈራ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ውኃው በየት በኩል እንደሆነ አሳዩአት።

አራተኛ፣ እውነቱን ስትነግራችሁ ስሟት። እርሷ በሩን ይከፍታል ብላኝ ነበር። ሠራተኛ ፈርታ የምትደብቅበት ቤት ልጅ የሚጠፋበት ቤት ነው።

ለምትቀጠሩት ደግሞ የምለው ይህ ነው። የተሰጣችሁ ሥራ ትንሽ ሥራ አይደለም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና ትዕግሥት ያዙ፤ የማትችሉትን አልችልም በሉ፤ ስታጠፉ ሳትደብቁ ተናገሩ። የምታዝሉት ልጅ ስማችሁን ሊረሳ ይችላል፤ የያዛችሁበትን እጅ ግን ሰውነቱ አይረሳውም።

ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ባለፈው ዓመት ለክረምቱ ሞግዚት ሲቀጥር ደወለልኝና ‹‹አባዬ፣ ምን ልጠይቃት?›› አለኝ። ‹‹እርሷን ከመጠየቅህ በፊት እናቷን ፈልግ፤ ከዚያም አደራ ሲሉህ ቶሎ እሺ አትበል፣ ጥቂት አስብ›› አልሁት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ወደ ጣና ገዳማት የሄዳችሁ እንደ ሆነም በስደቱ ሥዕል ፊት ቆማችሁ ከኋላ የምትሄደውን ሴት ፈልጉ፤ ስሟም ሰሎሜ ነው።